ከድሬ ውጭ ሆኖ የድሬን ቢሮ መክፈት፦ ቪፒኤን፣ ኮድ እና የስልክ ሰዓት

የትራንዚት ቢሮ አንድ ቦታ ተቀምጦ አይሠራም። አንዱ ትራንዚተራችን፣ ዕቃ ከጉምሩክ የሚያስለቅቀው ሠራተኛ፣ ጅቡቲ ድንበር ላይ ደወሌ ነው። ሌላው ጅቡቲ ወደብ ላይ ኮንቴይነር ይጠብቃል። አንዱ ደግሞ ሞጆ ደረቅ ወደብ ነው። ሒሳብ ክፍሉ ድሬዳዋ ከዚራ ነው ያለው። የድርጅቱ ባለቤት ግማሽ ጊዜውን አዲስ አበባ ያሳልፋል። ሁሉም የሚፈልጉት ግን ከዚራ ቢሮ ውስጥ ያለውን ነገር ነው። ዲክላራሲዮኑን (የጉምሩክ ሰነዱን)፣ ኢንቮይሱን፣ ፒችትሪ የሚባለውን የሒሳብ ፕሮግራም።

እኔ ኮምፒውተር ነክ የሆነውን ሁሉ የምይዝ ሰው ነኝ። ፕሪንተር ወረቀት ሲይዝም የሚጠራው እኔው ነኝ። ትልልቅ ድርጅቶች ለዚህ ሥራ ሙሉ ክፍል አላቸው። እኛ ዘንድ ክፍሉ እኔ ነኝ። ይህን የምጽፈው እንደኔ ብቻቸውን ለተቀመጡ ሰዎች ነው። ሠራተኞቻችን ከሩቅ ሆነው እንዲሠሩ፣ ሌላ ሰው ግን እንዳይገባ ያደረግንበትን መንገድ፣ መሐል ላይ የገጠመኝን ጭምር እነግራችኋለሁ።

ሥራውን ስረከብ ከውጭ የመግቢያ ሁለት መንገድ ነበር። አንዱ ኤኒዴስክ ነው። ፕሮግራሙ በራሱ ክፉ አይደለም። ግን ለሁሉም ማሽን አንድ ፓስወርድ ተሰጥቶ፣ ፓስወርዱ የቢሮው ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ፒን ተደርጓል። ከቢሮው ከለቀቁ የቆዩ ሰዎች ሳይቀሩ ግሩፑ ውስጥ አሉ። ሁለተኛው ይብሳል። ከኔ በፊት የነበረ ቴክኒሽያን ራውተሩ ላይ 3389 የሚባለውን ፖርት ከፍቶ በቀጥታ ወደ ሒሳብ ማሽኑ አዙሮታል። 3389 የዊንዶውስ ሪሞት ዴስክቶፕ፣ ኮምፒውተርን ከሩቅ ሆኖ የመክፈቻው፣ መግቢያ ነው። ይህ ክፍት ከሆነ የቢሮውን አይፒ (የኢንተርኔት አድራሻ ቁጥሩን) ያገኘ ማንም ሰው፣ የትም ዓለም ይሁን፣ የማሽኑ መግቢያ ገጽ ፊቱ ድቅን ይላል። አይፒውን ማግኘት ደግሞ ሥራ አይደለም። ኢንተርኔቱን ሙሉ ቁጥር በቁጥር እየቆጠሩ የሚያንኳኩ ፕሮግራሞች አሉ።

እናንተም ቢሮ ይህ መኖሩን ማረጋገጥ ቀላል ነው። ማሽኑ ላይ ኢቨንት ቪውወርን ክፈቱ። ዊንዶውስ ሎግስ፣ ከዚያ ሴኩሪቲ። 4625 የሚል ቁጥር ያለባቸውን ለይታችሁ አውጡ። 4625 ማለት አንድ ሰው ሊገባ ሞክሮ አልተሳካለትም ማለት ነው። እኛ ዘንድ ስከፍተው ዝርዝሩ አላልቅ አለኝ። ሌሊቱን ሙሉ፣ በሴኮንዶች ልዩነት፣ አንዱ ከሌላው ተከትሎ። የሚሞክሯቸውን ስሞች ብታዩ ይገርማችኋል። አድሚኒስትሬተር። አድሚን። ቴስት። ዩዘር። ስካነር። ባክአፕ። በእንግሊዝኛ አልሆን ሲል በስፓኒሽ፣ አድሚኒስትራዶር። ከዚያ እንደገና አድሚኒስትሬተር። ይህን የሚሠራው ሰው አይደለም፣ ማሽን ነው። አይደክመውም። በርጫም አያስፈልገውም።

ባለቤቱን ጋሼ ነው የምንለው። አንተ ብለን ነው ግን የምናወራው፤ ድሬ ውስጥ አንቱታ ብዙም አይዘልቅም። ነገሩን ስነግረው፣ «አቦ፣ እኛን ማን ይፈልገናል? ባንክ አይደለን» አለኝ። ሎጉን አሳየሁት። ከዚያ የኮሎኒያል ፓይፕላይንን ነገር ነገርኩት። እ.ኤ.አ. በሜይ 2021 ለአሜሪካ ምሥራቃዊ ክፍል ነዳጅ የሚያመላልሰው ትልቁ መስመር ለቀናት ቆሞ ነበር። ሰርጎ ገቦቹ የገቡት በአንድ የቪፒኤን አካውንት ነው፤ ቪፒኤን ከሩቅ ሆኖ ወደ ድርጅቱ ኔትወርክ መግቢያ ነው። አካውንቱ ማንም የማይጠቀምበት አሮጌ አካውንት ነበር። ፓስወርድ ብቻ እንጂ ሁለተኛ ማረጋገጫ አልነበረውም። ኩባንያው 75 ቢትኮይን ከፈለ፤ በወቅቱ ዋጋ ወደ 4.4 ሚሊዮን ዶላር። ጋሼን የነካው ዶላሩ አልነበረም። «ማንም የማይጠቀምበት አካውንት» የሚለው ነው። ወዲያው ከእኛ የለቀቁትን ሰዎች በጣቱ መቁጠር ጀመረ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ልብ በሉ፣ ቪፒኤን ነበራቸው። የጎደለው ሁለተኛው ማረጋገጫ፣ ኮዱ ነው። እኛ ደግሞ ሁለቱም አልነበረንም።

መጀመሪያ መንገዱን መዝጋት

ብዙ ሰው ስለ ደኅንነት ሲያስብ ቀድሞ የሚመጣለት ኮዱ ነው፣ ስልክ ላይ የሚመጣው ስድስት ቁጥር። እኔ ግን መጀመሪያ 3389ን ዝጉ እላለሁ። ሌላው ዝግጅት እስኪያልቅ አትጠብቁ። ሰው ለጥቂት ቀን ይነጫነጭ። ፋይል በኢሜይል ይላካል፣ ሥራ ይጓተታል እንጂ አይቆምም። ሒሳብ ማሽኑ ተቆልፎ ገንዘብ ክፈሉ የሚል ጽሑፍ ብቻ ቢያሳይ ግን ይቆማል።

ከዚያ ቪፒኤን። እዚህ አገር ቪፒኤን ሲባል ሰው ትዝ የሚለው ፌስቡክ ሲዘጋ የሚከፍትበት ነጻ አፕ ነው። በ2015 ዓ.ም. ከየካቲት እስከ ሐምሌ ፌስቡክ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ ሲገደቡ ስልኩ ላይ አንድ ሁለት ያልጫነ ሰው አላውቅም። የቢሮ ቪፒኤን ሥራው ሌላ ነው። ነጻው አፕ እናንተን ይዞ ወደማታውቁት ሰው ሰርቨር ይሄዳል። የቢሮው ግን ከየትም ቦታ ይዞ የራሳችሁ ቢሮ ውስጥ ያስገባችኋል። መሐል ላይ ያለው ሰው፣ የሆቴሉ ዋይፋይም ሆነ ሌላ፣ የሚያየው የተቆለፈ ነገር ብቻ ነው። ስለዚህ ለሥራ የሚውሉ ላፕቶፖች ላይ ያሉትን ነጻ ቪፒኤኖች አስጠፋሁ። አንደኛ፣ ከጀርባው ማን እንዳለ አይታወቅም። ሁለተኛ፣ ሁለቱ አብረው ሲበሩ ይጋጫሉና «ቢሮው አልከፈት አለኝ» የሚል ስልክ ይበዛባችኋል።

የትኛውን ቪፒኤን? በየወሩ በዶላር የሚከፈልባቸው ጥሩ ጥሩ አገልግሎቶች አሉ። ለእንደኛ ዓይነቱ ቢሮ ግን የዶላር ክፍያ ራሱን የቻለ ራስ ምታት ነው። አንድ ወር ካርዱ ሳይከፍል ቢቀር ሁሉም ሰው ደጅ ይቀራል። ስለዚህ ነጻ የሆነውን ኦፒኤንሴንስ መረጥኩ። አሮጌ ዴስክቶፕ ላይ ተጭኖ ማሽኑን ወደ ፋየርዎል (የሚገባ የሚወጣውን የሚቆጣጠር ዘበኛ) እና ቪፒኤን በር የሚቀይር ሲስተም ነው። የሚያስፈልገው ሁለት የኔትወርክ መሰኪያ ያለው ኮምፒውተር ነው። ሁለተኛውን ካርድ እዚሁ ድሬ ታይዋን ገበያ ገባ ብዬ ገዛሁ። ውስጡ ኦፕንቪፒኤን የሚባለው የቪፒኤን ፕሮግራም አለ፣ ስድስት አኃዝ ኮዱንም ራሱ ያረጋግጣል። ለኮዱ ሌላ ድርጅት አያስፈልግም፣ የወር ክፍያም የለም።

አንድ ቅድመ ሁኔታ አለው። የቢሮው መስመር የራሱ የሕዝብ አይፒ፣ ከውጭ በቀጥታ የሚደረስበት አድራሻ፣ ሊኖረው ይገባል፣ ቋሚ ቢሆን ደግሞ ይመረጣል። ቢሮው በሲም ካርድ ራውተር የሚሠራ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ አይፒውን ከብዙ ደንበኞች ጋር ስለሚጋራ ከውጭ ሊደረስበት አይችልም። ለዚህ ዓይነቱ ቢሮ እንደ ቴይልስኬል ያለው ይሻላል። እሱ ሁለቱንም ወገን ወደ ውጭ አስወጥቶ ያገናኛል፣ የተከፈተ ፖርት አይፈልግም። መግቢያው በጉግል ወይም በማይክሮሶፍት አካውንት ስለሆነ፣ ሁለተኛው ማረጋገጫ የሚበራው እዚያ አካውንት ላይ ነው። ያ ካልበራ ምንም አልሠራችሁም።

ፒችትሪ ያላችሁ ደግሞ ይቺን እንዳትዘሏት። ቪፒኤን ከተገናኘ በኋላ ጅቡቲ ያለው ላፕቶፕ ላይ ፒችትሪ ጭኖ የቢሮውን ዳታ ፎልደር በቀጥታ መክፈት ያምራል። አታድርጉት። ፒችትሪ በአንድ ቢሮ ገመድ ላይ እንዲሠራ የተሠራ ነው። በሩቅ መስመር ሲከፈት አንድ ደረሰኝ ለማየት ሻይ ጠጥቶ መመለስ ይቻላል። የባሰው ደግሞ መሐል ላይ መስመር ሲቋረጥ ዳታው ሊበላሽ ይችላል። መፍትሔው እያንዳንዱ ሰው በቪፒኤን ገብቶ፣ በሪሞት ዴስክቶፕ ቢሮ ውስጥ ያለውን የራሱን ኮምፒውተር እንዲከፍት ማድረግ ነው። ፒችትሪው የሚሠራው ከዚራ ነው። በመስመሩ የሚተላለፈው የስክሪኑ ምስል ብቻ ነው። መስመር ቢቋረጥ እንኳ ሥራው የነበረበት ቆሞ ይጠብቃል።

ለዚህ የቢሮው ኮምፒውተር ዊንዶውስ ፕሮ መሆን አለበት። ሆም የሚባለው ከውጭ ሪሞት ዴስክቶፕ አይቀበልም። በአንድ ጊዜ የሚገባውም አንድ ሰው ብቻ ነው። አንዱ ከውጭ ሲገባ ፊቱ የተቀመጠው ይቆለፍበታል። ለዚህ ነው ለእያንዳንዱ የራሱ ማሽን ያልኩት። ማሽኑ ራሱን እንዳያስተኛም ስሊፕን አጥፉ። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ደግሞ ኮምፒውተሩ በራሱ እንዲነሳ ባዮስ ውስጥ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው ሴቲንግ) የሚስተካከል ነገር አለ፤ «ኤሲ ፓወር» የሚል ቃል ያለበትን ፈልጉ። ይህን ያላደረገ ሰው እሁድ ጠዋት ባጃጅ ይዞ ማብሪያ ለመጫን ቢሮ መሄዱ አይቀርም።

ኦፒኤንሴንሱ ላይ ለእያንዳንዱ ሰው የራሱ ቋሚ የውስጥ አይፒ ሰጠሁ። ከዚያ የፋየርዎል ደንብ ጻፍኩ። ደወሌ ያለው ልጅ የሚደርሰው የራሱ ኮምፒውተር ጋ ብቻ ነው። ካሜራውን አያይም፣ የደመወዝ ማሽኑን አያይም። ስለማላምነው አይደለም። ላፕቶፑ ቢሰረቅ ወይም ቫይረስ ቢይዘው ጉዳቱ እዚያው እንዲቀር ነው።

ኮዱ

በኤስኤምኤስ የሚመጣ ኮድ ሁሉም ሰው ያውቀዋል። ባንክም ቴሌብርም አስለምዶናል። ምንም ከሌለ እሱም ይሻላል። ለእኛ ግን አልሆነም። የኢትዮጵያ ሲም ጅቡቲ ውስጥ ሮሚንግ ካልተከፈተለት መልእክት አይገባለትም። የእናንተን ቁጥር ሲም ካርድ ሌላ ሰው አታልሎ ሊያወጣውም ይችላል። የአሜሪካው የደረጃዎች ተቋም ኒስት እንኳ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው መመሪያ በስልክ ቁጥር የሚላክ ኮድን ገደብ ካለባቸው መንገዶች መድቦታል።

ስለዚህ አፕ መረጥን። ጉግል ኦተንቲኬተር ወይም የማይክሮሶፍቱ፣ የፈለጋችሁት። አሠራሩን አንድ ጊዜ ብትረዱት ብዙ ጥያቄ ይመልስላችኋል። መጀመሪያ ኪውአር ኮዱ ስካን ሲደረግ ስልኩና የቢሮው ማሽን አንድ ዓይነት ምስጢር ይይዛሉ። ከዚያ በኋላ ሁለቱ አይነጋገሩም። እያንዳንዳቸው ምስጢሩን ከሰዓቱ ጋር አጣምረው፣ በየ30 ሴኮንዱ ስድስት አኃዝ ያወጣሉ። ቁጥሩ ከተመሳሰለ ይገባል። ስለዚህ ስልኩ ኔትወርክ አያስፈልገውም፣ ዳታ አያስፈልገውም፣ ካርድ መሙላት የለም። ደወሌ ላይ ለሚውል ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

የሚያስፈልገው ትክክለኛ ሰዓት ነው። እዚህ ላይ ነው እኛን ያሰቃየን፣ የፈረንጅ መመሪያ ላይም የማታገኙት ነገር።

ደወሌ ያለው ትራንዚተራችን ኮዱን ባስገባ ቁጥር ስህተት ይለዋል። ፓስወርዱን ቀየርንለት፣ አሁንም ያው። አፑን አጥፍቶ እንደገና ጫነ፣ ያው። ደወልኩለት።

«ስልክህ ስንት ሰዓት ይላል?»

«ሦስት ከሩብ።»

«በኛ አቆጣጠር ሳይሆን ስልኩ የሚለውን ነው የጠየቅኩህ።»

«እሱኑ ነው የምልህ። ስልኩ ሦስት ከሩብ ነው የሚለው።»

ጠዋት ነበር። ስልኩ ዘጠኝ ከሩብ ማለት ነበረበት። ልጁ እንደ ብዙዎቻችን የስልኩን ሰዓት በእጁ ስድስት ሰዓት ወደኋላ መልሶ በሀገር ቤት ሰዓት አድርጎታል። ለእሱ ልክ ነው። ለአፑ ግን ስልኩ ስድስት ሰዓት ወደኋላ ቀርቷል፤ የሚያወጣው ኮድም ጊዜው ካለፈ ስድስት ሰዓት የሆነው ነው። አንዳንድ አፕ ሰዓቱን ራሱ ሊያስተካክል ይችላል፣ ሁሉም ግን አያደርገውም። ቢሮ ውስጥ ዞሬ ሳይ እንዲህ ያደረገው እሱ ብቻ አልነበረም።

መፍትሔው ሴቲንግ ገብቶ «አውቶማቲክ ሰዓት» የሚለውን ማብራት ነው። «ታዲያ ሰዓቴን እንዴት ልየው?» የሚል ተቃውሞ ይመጣል። ተገቢ ጥያቄ ነው። የኢትዮጵያ ሰዓት የሚያሳዩ አፖች አሉ፣ ስክሪኑ ላይ ማውጣት ይቻላል። ሌላም ዘዴ አለች፤ እኔ በጣም ነው የወደድኳት። ሰዓቱ አውቶማቲክ እንደሆነ ይቆይና የሰዓት ቀጠናውን ብቻ በእጅ ወደ ቦነስ አይረስ፣ አርጀንቲና ቀይሩት። አርጀንቲና ከእኛ ስድስት ሰዓት ወደኋላ ናት፣ በክረምትና በበጋም ሰዓት አትቀይርም። ስለዚህ ስልኩ ልክ እንደኛ አቆጣጠር ያሳያል፣ ውስጡ ያለው ትክክለኛ ሰዓት ግን አይነካም። ኮዱም ይሠራል። አንድ ነገር ብቻ እወቁ፦ ቀኑ የሚቀየረው እኩለ ሌሊት ላይ ሳይሆን ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይሆናል። ሲነጋ ቀን መቀየሩ ለእኛ መቼ ነውር ሆኖ ያውቃል! የደወሌው ልጅ እስካሁን አርጀንቲና ነው። ሜሲ ነው የምንለው።

ሰዓት በቢሮው ማሽንም በኩል ሊበላሽ ይችላል። አሮጌ ዴስክቶፕ ማዘርቦርዱ ላይ ክብ ባትሪ አለችው፣ ሲአር2032 ትባላለች። ያ ባትሪ ካለቀ መብራት በጠፋ ቁጥር ኮምፒውተሩ ዓመታት ወደኋላ ተመልሶ ይነሳል። ያኔ የሁሉም ሰው ኮድ በአንድ ጊዜ እምቢ ይላል፣ ኢንተርኔት ገብቶ ሰዓቱን እስኪያስተካክል። አሮጌ ማሽን ለዚህ ሥራ ስታዘጋጁ ባትሪውን ከመጀመሪያው ቀይሩት። ዋጋዋ ምንም ነው።

ሌላዋ ትንሽ ጣጣ የመግቢያ ሳጥኑ ናት። ኦፒኤንሴንስ ኮዱንና ፓስወርዱን የሚቀበለው በአንድ ሳጥን ውስጥ ነው። መጀመሪያ ስድስቱ አኃዝ፣ ከዚያ ያለ ክፍተት ፓስወርዱ። ይህን ለሰው በቃል ብትነግሩት አይገባውም። የሒሳብ ሠራተኛችን መሐል ላይ ስፔስ እየመታች ግማሽ ቀን ተጣልታበታለች። ቅደም ተከተሉን የመገልበጫ አማራጭ ሴቲንጉ ውስጥ አለ፤ ፓስወርዱን አስቀድማችሁ ኮዱን ብታስከትሉ ለሰው ይቀለዋል። ኮዱ ቶሎ የሚሞት ስለሆነ መጨረሻ ላይ መሆኑም ይረዳል። እኛ አንድ ወረቀት ላይ በትልቁ ምሳሌ ጽፈን ሰጠን። እውነተኛ ፓስወርድ ሳይሆን ምሳሌ።

ኮድ ያመጣው አንድ ያልጠበቅኩት ጥቅም አለ። በፊት «ሒሳብ» የሚባል አንድ አካውንት ነበር፣ ሦስት ሰው የሚገባበት። አሁን ኮዱ የማን ስልክ ላይ ይሁን? ሦስቱም የኔ ላይ አሉ። እንግዲያው ለእያንዳንዱ የራሱ አካውንት ተሠራ። ከዚያ ወዲህ ማን መቼ እንደገባ፣ የትኛውን ቫውቸር ማን እንደነካ ይታወቃል። በዚህ የተደሰተ አለ፣ ያኮረፈም አለ።

ስልክ ሲጠፋ፣ ኮድ ሲጠየቅ

ስልክ ይጠፋል፣ ይሰረቃል፣ ውኃ ውስጥ ይወድቃል። ያ ቀን ሳይመጣ ነው መዘጋጀት። ለጉግል አካውንቶች ሴቲንጉ ውስጥ አሥር የመጠባበቂያ ኮዶች ይሰጣሉ፤ እያንዳንዱ ለአንድ ጊዜ ብቻ ያገለግላል። አትመን በፖስታ አሽገን ካዝና ውስጥ አስቀምጠናል። ጋሼ ፖስታው ላይ ማኅተም መታበት፣ መከፈቱ እንዲታወቅ። ለቪፒኤኑ ደግሞ እኔ አሮጌውን ምስጢር ሰርዤ አዲስ ኪውአር አወጣለሁ። የእኔ ስልክ ቢጠፋስ? የአስተዳዳሪው መግቢያም እዚያው ካዝና ውስጥ ታሽጎ አለ። ካዝናውን የሚከፍተው ደግሞ እኔ አይደለሁም።

ኪውአሩን ስክሪንሾት አንስቶ በቴሌግራም መላላክ ክልክል ነው። ያ ምስል ካለ ማንም ሰው በስልኩ ስካን አድርጎ የእናንተኑ ኮድ ያወጣል። ቢሮ ያለ ሰው ፊት ለፊት ስካን ያደርጋል። ሩቅ ያለው በቪዲዮ ጥሪ ከስክሪኔ ላይ። ቪዲዮው ሌላም ጥቅም አለው። «ስልኬ ጠፋ፣ አዲስ ኪውአር ስጠኝ» የሚል ሰው ፊቱን ሳላይ አልሰጥም። ስሙን ያውቃል፣ ድምፁ ይመስላል፣ ቸኩሏል፣ መርከብ ደርሷል ቢል እንኳ። የሚቸኩል ሰው ነው ይበልጥ የሚያስጠረጥረኝ።

ምክንያቱም ሌባው ዛሬ በር አይሰብርም፣ ይደውላል። «ከቴሌ ነው፣ የደረሰህን ቁጥር ንገረኝ» የሚለውን ስልክ ያልሰማ የለም። ቢሮ ውስጥ አንድ ደንብ አወጣን፦ ኮድ በስልክ፣ በቴሌግራም፣ በቃልም አይነገርም። ለእኔም አይነገርም። እኔ ብጠይቅ እንኳ የጠየቀው እኔ አይደለሁም ብላችሁ ዝጉት አልኳቸው። አንድ ቀን ሆን ብዬ ለሒሳብ ሠራተኛችን ደውዬ ኮዱን ጠየቅኳት። «አላህ ያሳይህ፣ አንተ ነህ እኮ አትንገሪ ያልከኝ» ብላ ዘጋችብኝ። ደስ አለኝ።

ከመጻፍ ይልቅ ስልክ ላይ «እሺ» የሚለውን መጫን የሚያስመርጡ አፖችም አሉ። ምቹ ናቸው። እኔ ግን ቁጥር መጻፉን መርጫለሁ። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2022 ኡበር የተደፈረው እንዲህ ነው። ሰርጎ ገቡ የአንድ ኮንትራት ሠራተኛን ፓስወርድ አግኝቷል። ከዚያ «ፍቀድ» የሚል ጥያቄ እየደጋገመ ላከበት። በመጨረሻም የኩባንያው አይቲ ነኝ ብሎ በዋትስአፕ አናገረው። ሰውየው ሰልችቶት ፈቀደ። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ አፑ ላይ ቁጥር እንዲጻፍ ያስገደደው ያለ ነገር አይደለም። እርግጥ የሚጻፍ ኮድም ሐሰተኛ ድረ ገጽ ላይ ከጻፋችሁት ይሰረቃል። የእኛ ሰዎች የቪፒኤኑን ኮድ የሚጽፉት ቪፒኤን ፕሮግራሙ ላይ ብቻ ስለሆነ፣ ድረ ገጽ ላይ ከተጠየቁ ወዲያው ይነቃሉ።

የቀሩ ጥቃቅን ነገሮች

ዳታ። ቪፒኤኑ ሁሉንም ነገር በቢሮ በኩል እንዲያሳልፍ አታድርጉ። ትራንዚተሩ ማታ ዩቲዩብ ቢከፍት እሱም በከዚራ በኩል ዞሮ ይሄዳል፣ የቢሮው መስመር ይንቀራፈፋል። ወደ ቢሮ የሚሄደው ብቻ በቪፒኤን፣ የቀረው በራሱ መንገድ።

መስመር። ደወሌና ሞጆ ያሉት ሁለት ሲም ይይዛሉ፣ የኢትዮ ቴሌኮምና የሳፋሪኮም። ሳፋሪኮም ኔትወርኩን መጀመሪያ ያበራው እዚሁ ድሬ ነው፣ ነሐሴ 2014 ዓ.ም.። አንዱ ሲደክም ወደ ሌላው ይቀይራሉ። ከውጭ የሚገባው ሰው የሕዝብ አይፒ አያስፈልገውም፣ የቢሮው ካለ በቂ ነው። አንዳንድ የሆቴል ዋይፋይ ኦፕንቪፒኤን የሚጠቀምበትን 1194 ፖርት ይዘጋል። ለዚያ በ443 የሚሠራ ሁለተኛ መግቢያ አዘጋጅቻለሁ።

ባክአፕ። ይህ ሁሉ ቢኖርም የፒችትሪው ዳታ በየሳምንቱ ውጫዊ ዲስክ ላይ ይገለበጣል። ዲስኩ ከተገለበጠ በኋላ ይነቀላል። የተሰካ ዲስክ ቫይረስ ሲገባ አብሮ ይቆለፋል።

ሰው ሲለቅ። አሁን ክሊራንስ ወረቀቱ ላይ አንድ መስመር ተጨምሯል። የቪፒኤን አካውንቱ መዘጋቱን እኔ ሳልፈርም የመጨረሻ ደመወዝ አይወጣም። ሐሳቡ የጋሼ ነው። ከቴሌግራም ግሩፑም በዚያው ቀን ይወጣል።

በመጨረሻ ሰርተፊኬት። የኦፕንቪፒኤን ሰርተፊኬቶች፣ ማሽኖቹ እርስ በርስ የሚተዋወቁባቸው ዲጂታል መታወቂያዎች፣ የማብቂያ ቀን አላቸው፤ ሲያበቁ ያለምንም ማስጠንቀቂያ ማንም መግባት አይችልም። ስትፈጥሯቸው ለምን ያህል ጊዜ እንደሚያገለግሉ እዩ፣ ከዓመት ብዙም የማያልፉ አሉ። ቀኑ በፈረንጅ ስለሚጻፍ ወደ እኛ አቆጣጠር ቀይራችሁ፣ ከወር በፊት የሚያስታውስ ማንቂያ ሙሉበት። ዒድ ወይም ጥምቀት አካባቢ የሚውል ከሆነ ቀደም አድርጋችሁ አድሱት፣ ያኔ ሰው የለም። የእኛ ማንቂያ በእኔም በጋሼም ስልክ ላይ ተሞልቷል። እኔ ፈቃድ ላይ ብሆን የትኛውን ቴክኒሽያን እንደሚጠራና ምን እንዲያድስ እንደሚነግረው ካዝናው ውስጥ ባለው ወረቀት ላይ ጽፌለታለሁ።